ቴርሞስታቱን አትጣሉት፦ ስለ ያገለገሉ መኪኖች ለተሰጠ ምክር የቀረበ ምላሽ

ያገለገለ መኪና ለሚገዙ ሰዎች ምክር የሚሰጥ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም ከዘመድም ከደንበኛም ደርሶኛል። ግማሹ ሰው የላከልኝ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ነው፤ ግማሹ ግን «በዚህ መሠረት ሥራልኝ» ብሎ ነው። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ጋራዥ ውስጥ የሚውል ሰው፣ ደንበኛ መድኃኒቱን ራሱ አዝዞ ሲመጣ ምን እንደሚከተል ያውቃል፤ የታዘዘው ይደረጋል፣ ገንዘቡ ይከፈላል፣ መኪናው ብዙም ሳይቆይ እዚያው በር ላይ ይቆማል።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ጸሐፊው ገዢ በደላላና በመካኒክ መካከል ተይዞ ስለሚጎዳ የራሱን ዐይን መክፈት አለበት ይላሉ፤ ለዚህም ሰባት ደንቦች ይሰጣሉ። ሞተሩ የሚሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል፣ ምክንያቱም ቴርሞስታት በረዶ ላለበት አገር የተሠራ ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት (ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ማስጠንቀቂያ) ካልበራ መኪናው ጤነኛ ነው፤ ከበራም ኮዱን በመመርመሪያ መሣሪያ አስነብቦ ኮዱ የጠራውን ዕቃ መቀየር። ከጭስ ማውጫው ጭስ የሚታይበት፣ ወይም ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) መመሪያው ላይ ከተጻፈው ያነሰ ሞተር አልቆለታልና መተው። ዘይት የሚበላን ሞተር በወፍራም ዘይት ማከም። የአውቶማቲክ ካምቢዮን (የማርሽ ሳጥኑን) ዘይት ጨርሶ አለመንካት። ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በታች የተነዳ መኪና መምረጥ። በመጨረሻም ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል።

ጸሐፊው የተነሡበት ምክንያት ትክክል ነው። በእኛ አገር መኪና ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ግዢ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ እዚሁ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ናቸው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት፤ በየዙሩም የቀድሞው ባለቤት ያልጨረሰውን ብልሽት ለአዲሱ ያወርሳሉ። «መኪናውን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እዩት፣ ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ተጠራጠሩ» የሚለው ምክራቸውም ወርቅ ነው። የምቃወመው ሌላ ነገር ነው። ከሰባቱ ደንቦች አብዛኞቹ የሚያስተምሩት ምልክቱን ዝም ማሰኘትን እንጂ ብልሽቱን ማግኘትን አይደለም። የቀሩት ደግሞ ለፈጣን ፍርድ የሚጋብዙ ናቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከቴርሞስታቱ ልጀምር፤ ብዙ ሞተር የሚያስወርደው እሱ ነውና። ቴርሞስታት ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ የሚይዝ፣ ሲሞቅ የሚከፍት ቫልቭ ነው። በብዙ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ከደጅ ካለው በረዶ ጋር ያለው ግንኙነት ትንሽ ነው። በኅዳር ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ሰመራ ላይ በሙቀት ወራት ከ40 ያልፋል። ሞተሩ ግን በሁለቱም ቦታ መሥራት የሚፈልገው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ሰመራም ብትሆኑ ገና 40 ዲግሪ የሚያህል መንገድ ይቀረዋል።

ቴርሞስታቱ ሲወጣ ሞተሩ ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ቁልቁለት ላይም ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩ «ገና አልሞቀም» ብሎ ተጨማሪ ነዳጅ ይሰጣል። ያ ያልተቃጠለ ነዳጅ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘይቱም ነዳጁንና ውሃውን አትንኖ ለማስወጣት የሚበቃ ሙቀት አያገኝም። ብዙ አውቶማቲክ ካምቢዮዎችም ውሃው እስኪሞቅ ድረስ የመጨረሻውን ማርሽ አይሰጡም። ባለመኪናው የሚያየው ግን የሙቀት ጠቋሚው ዝቅ ማለቱን ብቻ ነው፤ «ተስተካከለ» ይላል፣ በወሩ ደግሞ «ቤንዚን በላብኝ» ብሎ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ያስቀይራል።

የባሰም አለ። በብዙ የጃፓን ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ሲከፍት፣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ሞተሩ ውስጥ የሚዞርበትን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከሌለ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል ማለት ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ቀዝቃዛ የነበረው ሞተር፣ ጭነት ይዞ እንጦጦን ሲወጣ ከቀድሞው የባሰ ሊሞቅ ይችላል። ለማቀዝቀዝ የተወሰደው እርምጃ አሙቆት ቁጭ!

ታዲያ ሞተሩ ለምን ይፈላል? እዚህ ላይ ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው የእኛ ከተማ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚህ ምክንያት በድስት የጣድነው ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ነው። የብዙ መኪኖች ማራገቢያ የሚነሣው ደግሞ ሙቀቱ 90ን ካለፈ በኋላ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ምንም ቦታ እንደሌለ ልብ በሉ። ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ውስጡ የሚይዘው ግፊት ነው። ያ ግፊት ካለ ውሃው እዚህም ቢሆን እስከ 110 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ስፕሪንጉ የደከመ፣ ጎሚኒው የተሰነጠቀ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቀዋል፤ ያኔ ምንም ያልሆነ ሞተር ማራገቢያው ገና ሳይነሣ ይፈላል። ይኸው ክዳን ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ለወራት ላያውቅ ይችል ነበር። ከሶኬት የማይበልጥ ዕቃ ነው፣ ከሞተሩ ክፍሎች ሁሉ በርካሽነቱ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ክፍል) ከተፈታ በኋላ ነው የሚታወሰው።

ስለዚህ ሞተር ሲሞቅ የሚታየው በቅደም ተከተል ነው። ውሃው ሙሉ ነው? ክዳኑ ግፊት ይይዛል? ማራገቢያው ይነሣል? ራዲያተሩ ከፊት በአቧራና በሣር፣ ከውስጥ በዝገት ተደፍኗል? የውሃ ፖምፓው ያንጠባጥባል? ቴርሞስታቱ ራሱ ተጣብቆ አልከፍት ማለቱም ያጋጥማል፤ ይህን ለጸሐፊው እቀበላለሁ። ግን ሲበላሽ የሚገባው ሌላ ቴርሞስታት ነው። መፈተሽ ከፈለጋችሁ ድስት ውስጥ ውሃ ጥዳችሁ አንጠልጥሉት። መመሪያዎቹ 95 ዲግሪ ላይ ይህን ያህል ሚሊ ሜትር መከፈት አለበት ይሏችኋል፤ እዚህ ድስቱ 92 ላይ ስለሚፈላ ያን ልክ አታዩትም። ከመፍላቱ በፊት በግልጽ መከፈት ከጀመረ ግን ዋናው ሥራው አለ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ አሁንም የሚፈላ ከሆነ የቴስታታው ጋስኬት ይጠረጠራል። ጠዋት ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሡና የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ጨምቁ። ውሃው ገና ሳይሞቅ በደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ግፊቱ የመጣው ከሙቀት አይደለም፤ ከሲሊንደሩ የሚያመልጥ ጋዝ ነው። ለማረጋገጥ በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ፣ የተቃጠለ ጋዝ ሲነካው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚለወጥ ፈሳሽ አለ። ይህን ፍተሻ ሳያደርግ «ቴስታታ ይፈታ» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ቼክ ኢንጂን መብራት ስንመጣ ጽሑፉ ሁለት ነገር ይላል፤ ሁለቱም አያስኬዱም።

«መብራቱ ካልበራ ጤነኛ ነው» የሚለውን እንይ። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ በፊት ይህ መብራት መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሣ ይጠፋል። ከነጭራሹ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ወጥቷል፣ ተሸፍኗል፣ ወይም ሽቦው ከሌላ መብራት ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ገዢ ሲቀርብ ዳሽቦርዱ ላይ መፈለግ ያለበት የበራ መብራት ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛው ሰዓት ላይ ያልበራ መብራትም ነው። ሻጩ ለገዢ ከማሳየቱ በፊት ኮዱን አስርዞት ሊሆን ይችላል። መኪናው ኦቢዲ 2 የሚባለውን የመመርመሪያ ሥርዓት በሙሉ የሚደግፍ ከሆነ ግን ስረዛው ፈለግ ይተዋል። ኮምፒውተሩ የራሱን ልዩ ልዩ ፍተሻዎች ከዜሮ ይጀምራል፤ መሣሪያው ላይ «አልተጠናቀቀም» የሚሉ መስመሮች ይደረደራሉ። ብዙ መኪኖች ኮዱ ከተሰረዘ ወዲህ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዳም ይናገራሉ። «ይህች መኪና ለዓመታት አስቸግራኝ አታውቅም» የሚል ሻጭ አጠገብ ቆማችሁ መሣሪያው «ከተሰረዘ 6 ኪሎ ሜትር» ካላችሁ፣ ተጨማሪ ጥያቄ አያስፈልግም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ መኪኖች ለርካሹ መሣሪያ መልስ እንደማይሰጡ ግን ማወቅ ይጠቅማል፤ ዝምታቸው ጤንነት አይደለም።

«ኮዱ የጠራውን ዕቃ ቀይሩ» የሚለው ደግሞ በየጋራዡ የሚታየው ትልቁ ብክነት ምንጭ ነው። ኮድ የሚናገረው ኮምፒውተሩ ያየውን ነው፤ ያየውን ነገር ያመጣው ምን እንደሆነ አያውቅም። አንድ ኮሮላ ልጥቀስ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፣ መብራቱ በርቶ ይቆያል፣ ኮዱ ፒ0171 ነው፤ ነዳጁ ከአየሩ አንሷል ማለት ነው። ባለቤቱ ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ቦታ የኦክስጅን ሴንሰር አስቀይሯል፤ አልጠፋ ሲለው ሁለተኛውንም አስቀይሯል። ሴንሰሩ ግን ከመጀመሪያውም እውነት ነበር የሚናገረው፤ ጭሱ ውስጥ ትርፍ ኦክስጅን አለ ብሏል፣ ነበረም።

መኪናውን አሳደርኩት፤ ምክንያቱም ይህ ብልሽት ሞተሩ ሲሞቅ የሚደበቅ ዓይነት ነው። በማግስቱ ጠዋት መሣሪያውን ሰክቼ ኮምፒውተሩ ጉድለቱን ለማካካስ የሚጨምረውን ነዳጅ በመቶኛ ተመለከትሁ። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ጭማሪው ከ20 በመቶ አልፏል። ቤንዚን ሰጥቼ ዙሩን ወደ 2,500 ሳደርሰው ወደ ዜሮ ተጠጋ። ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ማለት ይቻላል። ነዳጅ ፖምፓው ደክሞ ወይም የአየር መለኪያው ቆሽሾ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ ዙሩ ሲጨምር ይብስ ነበር እንጂ አይቀንስም። ቆሞ ሲሠራ ብሶ ሲነዳ የሚቀንስ ጉድለት፣ ሳይለካ ሾልኮ የሚገባ አየር ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ የሚያስገባው አየር ጥቂት ስለሆነ ቀዳዳዋ ትልቅ ድርሻ አላት፤ ብዙ ሲያስገባ ድርሻዋ ይጠፋል። አየር ማስገቢያው ከቴስታታው ጋር በሚጋጠምበት መስመር ላይ በመርጫ ጠርሙስ ውሃ ስረጭ የሞተሩ ድምፅ ለአንድ አፍታ ተለወጠ። ጋስኬቱ ደርቆ ጠንክሯል፤ ብርድ ሲያገኘው ይኮማተራል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ተመልሶ ይገጥማል። የተቀየረው ያ ላስቲክ ብቻ ነው። ሁለቱ አዳዲስ ሴንሰሮችም ያለ ጥፋታቸው ተተክተው ቀሩ። በነገራችን ላይ አንዳንዱ ለዚህ ፍተሻ ቤንዚን ወይም የካርቡራተር ማጠቢያ ይረጫል፤ በጋለ ሞተር ላይ እንዲህ ማድረግ እሳት መጥራት ነው።

ፒ0420 የሚለውም እንዲሁ ነው። የጭሱን መርዝ የሚያጣራው ካታሊስት ሥራውን በደንብ አልሠራም ማለት ነው፤ ሰው ግን ከኋላ ያለውን ሴንሰር ይቀይራል፣ ወይም ካታሊስቱን አስፈልፍሎ ባዶ ያስደርጋል። የጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ላይ ያለች ትንሽ ስንጥቅ ይህን ኮድ ልታመጣ ትችላለች። ዘይት የሚበላ ሞተርም ካታሊስቱን ቀስ በቀስ ይመርዘዋል፤ ሞተሩን ሳያድኑ ካታሊስት መቀየር አዲሱንም ለመርዙ መስጠት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ጭስ ነው። «ጭስ የሚታይበትን ሞተር ተዉት» የሚለው ምክር በአዲስ አበባ የክረምት ጠዋት ከተተገበረ ከተማው ውስጥ የሚገዛ መኪና አይገኝም። የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሣ የሚያወጣው ነጭ ነገር እንፋሎት ነው፤ ከማርሚታው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። የሚያሠጋው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይለቅ፣ የሚጣፍጥ ሽታ ያለው፣ የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ የሚታይ ነጭ ጭስ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፤ ነገር ግን መቼ እንደሚወጣ ማየት ያስፈልጋል። ካደረ በኋላ ሲነሣ ቡልቅ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ ዘይት ወደ ሲሊንደር እንዳይወርድ የሚከለክለው የቫልቭ ጎሚኒ ነው፤ ሞተር ሳይወርድ የሚሠራ ሥራ ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጠው የሚያጨስ ከሆነ የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው ነው፤ ያኔ ጸሐፊው እንዳሉት ገንዘባችሁን ይዛችሁ ብትመለሱ አልቃወምም። ጥቁር ጭስ የነዳጅ ትርፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአየር ፊልትሮና ከኢንጀክተር አያልፍም። ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና ከሆነማ ለባሕር ወለል የተመጠነውን ነዳጅ በዚህ ስስ አየር ስለሚሰጥ ሳይታመምም ጥቁር ያጨሳል።

ኮምፕሬሽኑ ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ጽሑፉ መመሪያው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ያነሰ ሞተር ሁሉ ያለቀለት ነው ይላል። መመሪያዎቹ የተጻፉት ለባሕር ወለል ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው ከደጅ የገባውን አየር ስለሆነ፣ በባሕር ወለል 200 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ ፍጹም ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 150 ግድም ያሳያል። በጸሐፊው ደንብ ከሄድን ከተማው ውስጥ ያለው ሞተር ሁሉ፣ አዲስ የገባው ሳይቀር፣ መውረድ አለበት። መታየት ያለበት የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ነው። ሦስቱ 150 አካባቢ ሆነው አራተኛው 100 ላይ ከቀረ ችግር አለ። ያን ጊዜ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቩ ወይም ጋስኬቱ ነው። «ዳገት አልወጣ አለኝ» የሚለው ቅሬታም ከዚሁ ጋር ይታይ። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ባለአንድ ሊትር ቪትዝ አራት ሰው ጭኖ ሽሮ ሜዳን ሲወጣ ቢያቃስት በሽታ አይደለም።

ስለ ወፍራም ዘይት ብዙ አልልም። የድሮ ናፍጣ ሞተር ላይ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ይህን እቀበላለሁ። ቪቪቲ የሚባለው የቫልቭ ጊዜ ማስተካከያ ባለው ሞተር ላይ ግን ዘይቱ ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ በቀጭን ወንፊትና በጠባብ ቱቦ አልፎ ያንን ዕቃ የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ነው። 5ደብሊው-30 የሚባለው ቀጭን ዘይት ለታዘዘለት ሞተር ወፍራሙን 20ደብሊው-50 ስትሰጡት ጠዋት ሲነሣ ዘይቱ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋጫል። ዘይት መብላቱ ለጥቂት ጊዜ የቀነሰ ይመስላል፤ ሻጮች የሚወዱትም ለዚህ ነው። 1ዜድዜድ የሚባለው የኮሮላ ሞተር የመጀመሪያ ዓመታት ምርቶች ዘይት የሚበሉት ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብና ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ተደፍነው ነው። ለተደፈነ ቀዳዳ ወፍራም ዘይት መፍትሔ የሚሆነው በየትኛው ስሌት እንደሆነ ጸሐፊው ቢያስረዱን ጥሩ ነበር።

«የካምቢዮ ዘይት አትንኩ» የሚለው አምስተኛው ደንብ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ስላለ ምንጩን ማየት ይገባል። ሰዎች ዘይቱ ተቀይሮ በሳምንቱ ካምቢዮው ሲሞት አይተዋል፤ ያዩት እውነት ነው። ግን ዘይቱን መቼ ነበር ያስቀየሩት? መንሸራተት ከጀመረ በኋላ። ሲሞት የነበረን ካምቢዮ የገደለው የመጨረሻው ቀን የተደረገለት ነገር ነው ብሎ መፍረድ ነው። ዘይት በሙቀት ያረጃል፤ በውስጡ ያሉትን የፍሪሲዮኖች (እየተያያዙ ጉልበት የሚያስተላልፉ ሰሌዳዎች) ብናኝ ይሸከማል፤ ግፊቱንም ጥቁር ሲሆን እንደ ድሮው አይይዝም። ለዓመታት ያልተነካ ካምቢዮን በማሽን ግፊት ማጠብ ግን አደገኛ ነው፤ የተቀመጠውን ቆሻሻ አንሥቶ ወደ ቫልቮቹ ይወስደዋል፤ በዚህ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። የሚሻለው ከታች የሚወርደውን ያህል አፍስሶ ያንኑ ያህል መተካት፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ነድቶ ደግሞ መድገም ነው።

ከመቀየር አለመቀየር ይልቅ ካምቢዮ የሚጨርሰው የተሳሳተ ዘይት ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ ብዙ ቪትዞች ካምቢዮ ሲቪቲ ነው፤ ማርሽ የለውም፣ በሁለት ፑሊዎች መካከል የሚሠራ የብረት ቺንጋ ነው ያለው። ቺንጋው ሳይንሸራተት ጉልበት የሚያስተላልፈው በዘይቱ ልዩ ጠባይ ነው። «አውቶማቲክ አውቶማቲክ ነው» ተብሎ የተለመደው የአውቶማቲክ ዘይት ሲደረግበት ቺንጋው ፑሊውን እየፋቀ ይበላዋል። በደንብ ያልታሸገ፣ ስሙ የለቀቀ ጣሳ ከመግዛት በካምቢዮው የዘይት መለኪያ ዘንግ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይሻላል፤ የትኛው ዘይት እንደሚገባ ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፏል።

ስለ ኪሎ ሜትር የተባለው በከፊል ልክ ነው፤ ከሁለት እኩል መኪኖች ጥቂት የተነዳው ይሻላል። ችግሩ ቆጣሪው የሚናገረው ባለቤቱ እንዲናገር የፈለገውን ሊሆን መቻሉ ነው። የፍሬኑ ፔዳል ጎሚኒ ተበልቶ ብረቱ ብቅ ካለ፣ መሪው ከአንድ ወገን ተልጦ ካብረቀረቀ፣ የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ከተቀደደ፣ ቆጣሪው 70 ሺህ ቢል አትመኑት። ጎማው ላይ ዶት ከሚለው ፊደል መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 3517 ካለ ጎማው በ2017 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎማው ዕድሜው ካለፈ ጥርሱ ቢሞላም ላስቲኩ ይደርቃል። በተቃራኒው ለዓመታት ግቢ ውስጥ የቆመ፣ ጥቂት የተነዳ መኪና የፍሬን ጎሚኒው፣ የራዲያተር ቱቦውና የነዳጅ ታንኩ ከውስጥ ያረጃሉ። ጸሐፊው በዚሁ ክፍል «100 ሺህ ላይ የታይሚንግ ቺንጋ ይቀየር» ማለታቸው ለድሮ ኮሮላና ለናፍጣ ሃይሉክስ ያስኬዳል። ቪትዝ ግን ካቴና እንጂ ቺንጋ የለውም፤ ስለሌለ ዕቃ ገንዘብ የከፈለ ሰው አውቃለሁ።

የመጨረሻው የባትሪው ደንብ ነው። ልማዱ የመጣው ኮምፒውተር ካልነበረው መኪና ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ገመዱን ነቅሎ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው ይባላል። ዛሬ ግን ባትሪው ከማስነሣት ሌላ አንድ ሥራ አለው፤ ከዲናሞው የሚወጣውን ኤሌክትሪክ ዝንፍ እንዳይል ይይዘዋል። ባትሪው በድንገት ሲለይ የዲናሞው ቮልቴጅ ለቅጽበት ይወረወራል፤ የሞተሩን ኮምፒውተር፣ የዲናሞውን ዳዮዶች፣ የኤርባጉን መቆጣጠሪያ ሊያቃጥል ይችላል። ፍተሻውም ቢሆን ትክክለኛ መልስ አይሰጥም፤ የደከመ ዲናሞም ሞተሩን ብቻውን ማቆየት ይችላልና። በቮልት መለኪያ ያለ ምንም መንቀል ይታወቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሣ ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። የፊት መብራቱንና የመኪናውን የውስጥ ማራገቢያ አብርታችሁ ያው ከቆየ ዲናሞው ይሠራል፤ ከ13 በታች ከወረደ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ይታይ።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን እንደገና የሚያሰራጩ ከሆነ ሌላው ሁሉ ይቆይና ይህችን አንቀጽ ቢያወጡልን እወዳለሁ። ቴርሞስታት መጣል የሚያመጣው ጉዳት ወራት ይወስዳል፤ ይህኛው የሚደርሰው ገመዱ በተነቀለበት ቅጽበት ነው፣ ያውም ገና ባልገዛችሁት መኪና ላይ፣ ባለቤቱ አጠገባችሁ ቆሞ።